እርማት፦ ጉምጉምታውን ለማጥፋት ግራውንዱን አትቁረጡ

አንድ ጊታር በሁለት አምፕሊፋየር አብሮ ሲሠራ ጉምጉምታ ካመጣ «የአንዱን ስፒና ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን መስመር) አውጣው፣ ዝም ይላል» ተብሎ የተሰጠው ምክር በጣም የተለመደ ነው። ዝም ማለቱስ ልክ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

ጉምጉምታው የሚመጣው ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በግድግዳው ግራውንድም በጊታር ገመዱም ስለሚገናኙና ቀለበት ስለሚሠሩ ነው። ግራውንዱ ሲቆረጥ ቀለበቱ ይከፈታል፤ መከላከያውም አብሮ ይሄዳል። ግራውንድ በሌለው አምፕሊፋየር ውስጥ አንድ ቀን የመብራት ሽቦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በገመዱ ሽፋን አድርጎ እስከ ጊታሩ ክር ይደርሳል። ለዚህ ያልተሠራው ቀጭን የጊታር ገመድ ብቻ ነው ወደ ሌላኛው አምፕሊፋየር ግራውንድ የሚያደርሰው። እሱ ከተቃጠለ ወይም ከተነቀለ፣ ክሩን ይዞ ማይክሮፎን በከንፈሩ የነካ ሰው መንገዱ ይሆናል። የስኮትላንዱ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው በአግባቡ ግራውንድ ያልተደረገ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ እባካችሁ አትሞክሩት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ግራውንድ ባለው አንድ የመብራት ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ካልጠፋ፣ የጊታሩን ድምፅ ለሁለቱ አምፕሊፋየሮች የሚያካፍል፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ሣጥን (ስፕሊተር) ግዙ፤ ቀለበቱን የሚቆርጠው በጊታር ገመዱ በኩል ስለሆነ የስፒናው ግራውንድ አይነካም። ትራንስፎርመር የሌለው ርካሹ ሣጥን ግን ለዚህ አይረዳም። ድምፁ ከሳሳ በሣጥኑ ላይ ያለውን የፌዝ (የድምፅ ሞገዱን የሚገለብጥ) ማብሪያ ገልብጡ።

የሁለት አምፕሊፋየር የስፒከር መውጫ አንድ ላይ ማገናኘትም ፈጽሞ አይሞከርም፤ አምፕሊፋየሮቹን ያቃጥላል።