ማስተካከያ፦ ለጊኒ ፒግ አሞክሳሲሊን በአፍ አይሰጥም

ጊኒ ፒግ ሰዎች በቤት የሚያሳድጓት፣ አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ናት። «ጊኒ ፒግ ደም የተቀላቀለበት ሽንት በሸናች ቁጥር ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በውሃ በጥብጦ መስጠት ይበቃል» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው።

የእንስሳት ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት፣ በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊንና ሌሎቹ የፔኒሲሊን ወገኖች በጊኒ ፒግ አንጀት ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ጎጂዎቹ ቦታውን ይይዙና መርዝ ያመነጫሉ። ተቅማጥ ይከተላል፤ ብዙ ጊዜም ሞት።

ጽሑፉ የዘለለውም ነገር አለ። ደም መሽናቱ የሚመላለስ ከሆነ የሽንት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የጊኒ ፒግ ጠጠር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በራጅ ይታያል፤ በመድኃኒትም በጭማቂም ግን አይሟሟም። ተለቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ሽንቷ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ቢተው አትደንግጡ፤ ጤነኛዋም እንዲሁ ናት። የሚያሳስበው በጣት ሲታሽ እንደ አሸዋ ከሻከረ፣ ወይም ስትሸና ጎብጣ ከጮኸች ነው።

መድኃኒቱን ሰጥታችሁ ከሆነ አቁሙና ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ተቅማጡ እስኪመጣ አትጠብቁ። ምን ያህልና መቼ እንደሰጣችሁ ሳትደብቁ ንገሩት። ጭራሽ መሽናት ካቃታት ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም።