ማስተካከያ፦ ዝናብ ሲጥል የውድድር መስመሩ ይቀየራል

ባለፈው ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ስጽፍ «አንድ ኩርባ ያለው አንድ ትክክለኛ መስመር ብቻ ነው፤ ዝናብም ሆነ የመኪናው ዓይነት አይለውጠውም» ብዬ ነበር። መስመር ስል ሹፌሩ ኩርባውን ሲዞር የሚከተለውን መንገድ ማለቴ ነው። ተሳስቻለሁ።

ከውጭ ገብቶ፣ የውስጡን ጠርዝ ነክቶ፣ ወደ ውጭ መውጣት በደረቅ አስፋልት ላይ ይሠራል። እዚያው መስመር ላይ ግን ከጎማ የሚላጠው ላስቲክ እየተለጠፈ ይሄዳል። ደረቅ ሲሆን መኪናውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሲዘንብ ግን ያንሸራትታል። ስለዚህ ሹፌሮቹ ላስቲክ ያልነካውን ሻካራ አስፋልት ፍለጋ ወደ ውጭ ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብራዚል ኢንተርላጎስ ትራክ ላይ ሹፌሩ ማክስ ቨርስታፐን በዚያ ሁሉ ዝናብ በውጭ በኩል እየዞረ ተፎካካሪዎቹን ሲያልፋቸው የነበረው በዚህ ነው። 3ኛ ወጣ። ውድድሩን አይቼው ነበር እኮ!

መኪናውም ለውጥ ያመጣል። አነስተኛ ጉልበት ያላት ካርት (ትንሿ የእሽቅድምድም መኪና) ፍጥነቷን አንዴ ካጣች ቶሎ አታገኘውም፤ ሰፋ አድርጋ ትዞራለች። ጉልበተኛ መኪና ግን ዘግየት ብሎ ይታጠፋል፤ ቶሎ ቀጥ ብሎ ነዳጅ ለመርገጥ።

እርማቱን የወሰድኩት ከእሽቅድምድም ማሠልጠኛ መጻሕፍትና ከውድድሩ ቪዲዮ ነው። ጽሑፌን አምናችሁ እርጥብ ትራክ ላይ ካርት ልትነዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለደረቅ አስፋልት በሚሆነው መስመር ከሄዳችሁ ኩርባው ላይ ትንሸራተታላችሁ። የቀድሞውንም ጽሑፍ አስተካክዬዋለሁ።