መጋቢት ላይ ከእኛ የምትነሳ ወፍ

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። እሑድ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት። ምሥራቅ ለንደን፣ ዋንስቴድ ፍላትስ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊሉ ኳስ መጫወቻ ነው፤ ከፊሉ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። አብረውኝ ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች። ሁሉም አንገታቸው ላይ ባይኖኩላር፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር፣ አንጠልጥለዋል። ሁሉም አንድ ቁጥቋጦ ላይ አፍጥጠዋል። የሚያወራ የለም።

ከቁጥቋጦው ድምፅ ወጣ። ዜማ አይባልም። ደረቅ ባቄላ ቅል ውስጥ ከትተው ቶሎ ቶሎ ሲነቀንቁት እንደሚሰማው ነው። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ፊታቸው በራ። «መጣች» አሉ በሹክሹክታ።

ሌሰር ዋይትስሮት ይሏታል። ጀርባዋ ግራጫ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ክብደቷ 12 ግራም ገደማ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ሽማግሌው ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ባይኖኩላሩን አውርደው ወደ እኔ ዞሩ። በጸደይ እንግሊዝ የሚገቡ ትናንሽ ወፎች አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ በስፔን በኩል ነው የሚመጡት አሉኝ። ይህቺ ግን መንገዷ ሌላ ነው። በመከር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትታጠፋለች። ጣሊያንን አልፋ፣ በሜዲትራኒያን ምሥራቅ ጥግ ዞራ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ትወርዳለች። የአውሮፓን ብርድ የምታሳልፈው ግራር ውስጥ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት እኛ ጋ ናት። ከዚያ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ አብዛኛውን በሌሊት እየበረረች፣ ተመልሳ እዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች።

ይህን ከነገሩኝ በኋላ ጠየቁኝ። «በእናንተ ቋንቋ ማን ትባላለች?»

አላውቅም ነበር።

ያደግኩት ዝዋይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ግራር ነበር፤ አሁንም አለ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች የዓሣ ትራፊ እየጠበቁ ይሰለፋሉ። ፔሊካኖች ከጀልባው ጎን ይንሳፈፋሉ። ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ የወፍ ጫጫታ ነበር። ወፍ መሃል ነው ያደግኩት ማለት እችላለሁ። ግን በልጅነቴ ወፍን ቀረብ ብዬ ያየሁት በወንጭፍ ሳነጣጥር ብቻ ነው። ያኔ የመታኋቸውን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ከእነሱ ውስጥ ይህቺ ባለ ነጭ ጉሮሮ ትኖር ይሆናል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። ግራጫ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ጉሮሮዋ ነጭ ነው፣ ግራር ውስጥ ትሽሎከሎካለች አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ልጄ፣ እነዚህ እኮ ብዙ ናቸው። ሁሉንም ወፍ ነው የምንላቸው» አለችኝ።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ቋንቋችን የወፍ ድሃ አይደለም። ቆቅ፣ ጅግራ፣ ድርጭት አለን። ጭልፊት፣ ንስር፣ እርኩም፣ ሽመላ፣ ዋኖስ፣ ይብራ አለን። ማሽላውን የምታወድም ግሪሳ አለችን። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። በደንብ ስም ያወጣንላቸው የምንበላቸውን፣ የሚጎዱንን፣ ወይም እንደ ጉጉት የሚያስፈሩንን ነው። ዝም ብላ መጥታ፣ ትል ለቅማ፣ ዝም ብላ የምትሄደው «ወፍ» ብቻ ሆና ቀረች።

ገበሬው ግን ያይ ነበር፤ ቃሎቻችን ይመሰክራሉ። «ወፍ ዘራሽ» የሚለውን ቃል አስቡት። ወፍ ፍሬ በልታ፣ ሌላ ቦታ ዘሩን ጥላ፣ ሰው ያልተከለው ተክል እንደሚበቅል ካልታየ ይህ ቃል ከየት ይመጣል? የመስቀል ወፍም አለች። የጠፋ ዘመድ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ!» እንላለን። ወፏ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአካባቢው አትርቅም። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ወንዶቹ ክረምት ሲገባ ቀይ ወይም ቢጫ ላባ ያወጣሉ። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያን ላባ ጥለው እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ አጥራችን ላይ ቢያርፉም አንለያቸውም። ሄደች የምንላት እዚያው እያለች ነው።

የእንግሊዞቹን ልማድ ሳይ መጀመሪያ የቀናሁት በሥርዓታቸው ነው። በየዓመቱ ጥር ውስጥ ሰው በየቤቱ በመስኮት አጠገብ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ የሚያየውን ወፍ ይቆጥራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፋሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀመር ለልጆች ታስቦ ነበር። ዛሬ ፓርክ ውስጥ የማገኛቸው ጎልማሶች ያኔ ልጆች የነበሩ ናቸው። አንድ ነገር ልጅነት ላይ ሲገባ እንዲህ ይቆያል።

ግን ሁሉም ነገር እዚህ ደህና ነው እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት ስለሞላቸው አይደለም፤ እያለቀባቸው ነው። ገጠራቸው የጫካ አጥሩን ነቅሎ፣ በመድኃኒት እየረጨ ሲያርስ ወፎቹ አለቁ። የእነሱ ዋኖስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ከመቶው ከ95 በላይ ቀንሷል። ሽማግሌው በልጅነታቸው በየማሳው ይሰሙት እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቀየረ። እኛ ከ860 በላይ ዝርያ ያለን ሰዎች ነን። አንዳንዶቹ ከእኛ ተራሮችና ሜዳዎች ውጪ አይገኙም። ያለን በዚህ ልክ ነው፤ የምናየው ግን ትንሽ።

እዚያው ሜዳ ላይ በገመድ የታጠረ የሣር ቦታ አለ። ስካይላርክ የምትባል ወፍ መሬት ላይ ጎጆ ስለምትሠራ፣ በመራቢያዋ ወራት ሰውና ውሻ እንዳይረግጣት ነው። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸው ወደዚያ ሲሄድ ቆም ብለው ያስባሉ። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ለጥቂት ወፎች ሜዳ ይለቀቃል።

ይህን ሳይ የነገሌ ቦረናዋ ወፍ ትዝ ትለኛለች። የሊበን ሜዳ ላይ የዚህችው የስካይላርክ ዘመድ የሆነች ቡናማ ወፍ አለች። በአፍሪካ የመጥፋት አደጋ እጅግ ከተጋረጠባቸው ወፎች አንዷ ናት። ሣሩ በከብት ተግጦ አለቀ፣ ቁጥቋጦ ወረረው፣ ከፊሉ ታረሰ። ደስ የሚለው፣ ቦረናዎች ካሎ የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው። ሣሩ እንዲያገግም ቦታ ከልለው ያሳርፋሉ። ይህን ልማድ ለወፏም ለከብቱም እንዲሆን ለማጠናከር ተሠርቷል። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ። ስለዚህ «እኛ ጋ ማንም አያስብም» አልልም። ነገሩ ከባለሙያው አልፎ ቡና ላይ አይነሳም ነው የምለው።

ሁለት ዓመት ይሆነኛል፣ ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ ባይኖኩላሬን ይዤ ሐይቁ ዳር ቆምኩ። አንድ ሰውዬ ከልባቸው አዝነው «ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። ወፍ እያየሁ ነው ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ልጆች ከበቡኝ። መነጽሩን ለአንዱ ሰጠሁት። ዛፍ ላይ የተቀመጠ ዓሣ በል ንስር አገኘና «ኧረ! ዓይኑን አየሁት! ያየኛል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። አንድ ሰዓት ያህል ማንም ድንጋይ አላነሳም። ፈረንጆችን ወፍ የሚያሳይ አንድ ጎበዝ ወጣት መጥቶ የሁሉንም ስም ነገረን። አንድም አልሳተም። የብዙዎቹን ግን በእንግሊዝኛ ነው የነገረን፤ ልጆቹም በእንግሊዝኛ ደገሙት። ከጎናቸው ላለች ወፍ የሰው አገር ስም ሲማሩ ማየት ደረቴን ከበደኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየቋንቋው የተጻፈች፣ ሥዕል ያላት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ብትኖር ስንት ነገር ይቀየር ነበር!

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ያቺ ያልካት ሳትሆን አትቀርም፣ ግራሩ ላይ ናት» አለችኝ።

«ጉሮሮዋስ እማዬ?»

«ነጭ ነው። ጀርባዋ አመድ ይመስላል። ቆይ፣ ላሰማህ።»

ስልኩን ወደ ዛፉ ዘረጋችው መሰለኝ። የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ መጣ፦ ጠክ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠክ። ለንደን መስኮቴ ላይ ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ።

«ስሟን አጎትህን እጠይቃለሁ» አለች እናቴ። «ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ለእያንዳንዷ ስም ነበረው።»