ሰዓት አልቆብናል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ የጦር መሣሪያ ክርክሮች ሚዛናዊ ናቸው ይላል። ሚዛናዊስ ናቸው። አንድ ደጋፊ፣ አንድ ተቃዋሚ፣ እኩል ደቂቃ። ግን ሁሌም ጭቅጭቁ እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው፣ ስለ መሣሪያ መያዝ መብት በሚናገረው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ነው። 27 ቃል ናት እኮ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2008 መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ያለው በ5 ለ4 ድምፅ ነው። እዚያ አገር በ2021 በጥይት ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ግን ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይሄ ብዙም አይነሳም። አንዴ አንድ ደዋይ አባቱ ሽጉጡን የትኛው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ እንደነበር መናገር ጀመረ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አዘጋጁ «ሰዓት አልቆብናል» ብሎ ወደ ዜና ገባ። እኔ ደግሞ መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።