እርማት፦ የ1994ቱ የሜይሄም አልበም ድምፅ የዴድ አይደለም

የጠባሴው ወንድሜ፣ ስለ ኖርዌዩ የብላክ ሜታል (የከባድ ሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ባንድ ስለ ሜይሄም ስታወራ፣ «በሜይሄም የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ላይ የሚዘፍነው ዴድ ነው፤ ብላክ ሜታልም ጩኸት ብቻ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን አይደለም። የባንዱ የቀድሞ ዘፋኝ ስዊድናዊው ዴድ ብዙዎቹን የአልበሙን ግጥሞች ጽፏል። ያረፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አልበሙ የወጣው በ1994፣ ድምፁም የሃንጋሪው አቲላ ቺሃር ነው።

እስቲ ጆሮህን ጣል አድርግ። ዴድ በ1990ው የላይፕዚግ ኮንሰርት ቅጂ ላይ ጉሮሮውን እየቧጠጠ ይጮኻል። አቲላ ግን ድምፁን ወደ ታች አውርዶ ያጉረመርማል፤ ቃሉን ይጎትታል፤ አንዳንዴ እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ያዜማል። ታዲያ ይሄ ጩኸት ብቻ ነው? እኔ በበኩሌ አቲላን እመርጣለሁ፤ ለደብረ ብርሃን ብርድም የሚሄደው እሱ ነው።

አቲላ በ2004 ወደ ባንዱ ተመልሷል። ከአልበሙ በኋላ እስከዚያ ድረስ የዘፈነው ሌላው የባንዱ ድምፃዊ ማኒያክ ነው።