የድሮ ፒኤልሲ ሶፍትዌር፦ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ይሻገር ወይስ በነበረበት ይቆይ?

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም ጨርሶ የለውም። በፋብሪካ ወለል ላይ ግን ማሽን የሚያዙ የድሮ መቆጣጠሪያዎች (ፒኤልሲዎች)፣ ማለትም የሲመንስ ኤስ7-300፣ የአለን-ብራድሌይ ኤስኤልሲ 500 እና ፒኤልሲ-5 እንዲሁም ከእነሱ የሚቀድመው የሲመንስ ኤስ5 ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ፕሮግራማቸውን የሚከፍተው ሶፍትዌር የተጻፈው ለዊንዶውስ 95 ወይም ለኤክስፒ ነው፤ አንዳንዱም ለዶስ ነው። ታዲያ ሶፍትዌሩን አድሶ በአዲስ ኮምፒውተር መጫን ይሻላል ወይስ አሮጌውን ከነዊንዶውሱ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ወይም በቨርቹዋል ማሽን (በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም በሚሠራ አስመሳይ ኮምፒውተር) ማቆየት? ሁለት ተከራካሪዎች በጽሑፍ ተሟግተዋል።

ይሻገር ባይ፦

ከአሮጌው ላፕቶፕ እንጀምር። የዘጠኝ ፒን ሲሪያል ፖርት፣ የፍሎፒ ማንበቢያና የፒሲኤምሲአይኤ ማስገቢያ ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚቀረው። የእናት ቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ባዮሱ የፖርት አድራሻውን ይረሳል፤ ሰዓቱም ወደኋላ ይሄዳል። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ላይ ስቴፕ 7 (የኤስ7-300 ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር) የሚያስቀምጠው ብሎክ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ክፍል፣ የተሳሳተ የጊዜ ማህተም ይዞ ይወጣል፤ በኋላ ከጠሪው ብሎክ ጋር ሲነጻጸር የጊዜ ማህተም ግጭት ይታያል። ጥፋቱን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል።

ደህንነቱ ሌላ ነው። ኤክስፒ ድጋፉ ያበቃው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ፒኤልሲው ጋ የደረሰው በኢንጂነሪንግ ኮምፒውተሩ በኩል ነበር፤ የስቴፕ 7ን የመገናኛ ላይብረሪ ፋይል በራሱ ተክቶ ኢንጂነሩ የሚያየውንና በእርግጥ የሚጫነውን ኮድ ለየው። በሩ ላፕቶፑ ነው፤ የዛገ መቀርቀሪያ ይዘን ልንቀጥል አይገባም።

መሻገሪያውም አለ። ስቴፕ 7 ቪ5.6 በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ላይ በይፋ ይሠራል፤ በቪ5.3 ወይም በቪ5.4 የተሠራ ፕሮጀክት እዚያው ተከፍቶ ሥራው ይቀጥላል። ወደ አዲሱ የሲመንስ ሶፍትዌር፣ ወደ ቲያ ፖርታል፣ መሰደድ ግድ አይደለም። ረጅም ድጋፍ ለሚፈልግ ደግሞ የዊንዶውስ 10 አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2021 እትም እስከ ጃንዋሪ 2032 ይታደሳል።

ይቆይ ባይ፦

ስቴፕ 7ን ምሳሌ ማድረግዎ ቀላሉን መርጦ መሮጥ ነው። የአለን-ብራድሌይን ኮንትሮልሎጂክስ መቆጣጠሪያ ይውሰዱ። እዚያ የሶፍትዌሩ ዋና የእትም ቁጥር ከመቆጣጠሪያው ፈርምዌር (በውስጡ ከተጫነው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ጋር እኩል መሆን አለበት። 1756-ኤል55 የሚባለው ፕሮሰሰር ከእትም 16 በላይ፣ 1756-ኤል63 ደግሞ ከእትም 20 በላይ ፈርምዌር አይቀበልም። ስለዚህ ኤል55 ያለው ሰው የቱንም ያህል አዲስ ስቱዲዮ 5000 (የአርኤስሎጂክስ 5000 አዲሱ ስም) ቢገዛ ያንን ፕሮሰሰር ኦንላይን የሚያገኘው በአርኤስሎጂክስ 5000 እትም 16 ወይም ከዚያ በታች ብቻ ነው። እዚህ ላይ «አድሱት» ማለት ፕሮሰሰሩን ቀይሩት ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የሶፍትዌር ሥራ ሳይሆን ሙሉ የማሽን ፕሮጀክት ነው።

ቀጥሎ መጫኛው ራሱ አለ። በዘጠናዎቹ የወጡ ብዙ ፕሮግራሞች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው መጫኛቸው ግን 16 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢት ኮድ አያስኬድም። «የተኳኋኝነት ሁነታ» የሚባለውን ቢመርጡም ምንም አይለወጥም፤ ያ ምርጫ ለፕሮግራሙ የዊንዶውሱን ስም ያሳስታል እንጂ የሌለውን የ16 ቢት ንኡስ ሥርዓት አይፈጥርም። ባለ 32 ቢት የከርነል ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ በ64 ቢት ከርነል ላይ አይጫንም፣ አበቃ።

ፕሮግራሙ ተጭኖ ቢከፈት እንኳ ሌላ ወጥመድ አለ። አሮጌ ሶፍትዌር ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ የመጫኛ ፎልደር ውስጥ ነው። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ያንን ጽሑፍ ሳይናገር ወደ ተጠቃሚው ቨርቹዋልስቶር ፎልደር ያዞረዋል። አንዱ ቴክኒሽያን በስሙ ገብቶ ያስተካከለውን ሌላው በስሙ ሲገባ አያየውም፤ የድሮውን ይከፍትና ወደ መቆጣጠሪያው ይጭነዋል። የተስተካከለው ኢንተርሎክ (ማሽኑ ያለ ሁኔታው እንዳይነሳ የሚያግደው ቅድመ ሁኔታ) በዚህ መንገድ ከመቆጣጠሪያው ይጠፋል።

ይሻገር ባይ፦

ቨርቹዋልስቶሩ መድኃኒት አለው፦ ሶፍትዌሩ ከፕሮግራም ፋይልስ ውጭ፣ ከሲ ድራይቭ ሥር በተከፈተ ፎልደር ይጫን፤ ፕሮጀክቱም ለሁሉም ተጠቃሚ የመጻፍ ፈቃድ ባለው በሌላ ፎልደር ይቀመጥ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ስለ ኤል55 ያሉትን ግን እቀበላለሁ፤ እዚያ አሮጌው እትም መኖሩ ግድ ነው።

የእርስዎ ወገን የሚዘለው ኬብሉን ነው። ቨርቹዋል ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንጂ ሽቦውን አያቆይልዎትም። ኤስኤልሲ 5/01 እና 5/02 ያላቸው ብቸኛ መንገድ ዲኤች-485 የሚባለው የመገናኛ መስመር ነው። ለዚህ የተሠራው 1747-ፒአይሲ የሚባለው መቀየሪያ የመስመሩን የሰዓት አጠባበቅ ለኮምፒውተሩ ይተዋል፤ ድራይቨሩም እውነተኛ ሲሪያል ፖርት ብቻውን መያዝ ይፈልጋል። በዩኤስቢ ሲሪያል በኩል አይሠራም፤ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ያው ነው። ፒኤልሲ-5ን ኮምፒውተር ውስጥ በሚሰካው 1784-ፒኬቲኤክስ ካርድ የሚያናግር ቤት ደግሞ ካርዱን በላፕቶፕ ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ሊጠቀምበት አይችልም። ያለው ምርጫ አዲስ መገናኛ መግዛት ነው፦ ለዲኤች-485 1747-ዩአይሲ፣ ለፒኤልሲ-5ቱ መስመር ለዲኤች ፕላስ 1784-ዩ2ዲኤችፒ። ሁለቱም ዩኤስቢ ናቸው። አዲሱን መገናኛ ከገዙ አይቀር አዲስ ዊንዶውስ ላይ መሰካት ነው እንጂ ወደ ኤክስፒ ይዞ መመለስ ምን ይባላል?

ይቆይ ባይ፦

ስለ ፒአይሲው ልክ ነዎት፤ መጣል አለበት። የቀረው ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው፤ የርካሽ ኬብል ጥፋት በቨርቹዋል ማሽን ላይ እየተለጠፈ ነው። በትክክል ከተዘጋጀ ለሲሪያል መቆጣጠሪያዎች ከአዲስ ዊንዶውስ ይልቅ የሚሻልበት ቦታ አለ፤ ዶስ።

የዶስ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ የኤስ5ቱ ስቴፕ 5 ወይም የጂኢ ፋኑክ ሎጂክማስተር፣ የሲሪያል ቺፑን በቀጥታ ነው የሚነካው፦ ኮም 1ን በአድራሻ 3ኤፍ8 እና በኢንተራፕት 4፣ ኮም 2ን በ2ኤፍ8 እና በ3። የዩኤስቢ መቀየሪያ እንዲህ ያለ አድራሻ የለውም፤ ዊንዶውስም ተራ ፕሮግራም ፖርቱን በቀጥታ እንዲነካ አይፈቅድም። ቨርቹዋል ማሽኑ ግን በዚያው አድራሻ ላይ ቺፑን አስመስሎ ያቀርባል፤ ከጀርባ ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር የዩኤስቢ ፖርት ጋር ያገናኘዋል። ዶሱ ልዩነቱን አያውቅም።

አዘገጃጀቱ ይህ ነው። ለኤክስፒ እንግዳ (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ለሚሠራው ዊንዶውስ) አንድ ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ሚሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። ኔትወርክ ካርዱ ይነቀል፤ በኤተርኔት የሚገናኝ ፒኤልሲ ካለ ብቻ ለዚያ ሥራ ይከፈት። የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ኬብል ይመረጥ፤ አስመስለው የተሠሩ የፕሮሊፊክ ቺፖች በአዲሱ ድራይቨር ላይ ስህተት ቁጥር 10 ሰጥተው ይቆማሉ። በዲቫይስ ማኔጀር የፖርቱ ዝርዝር ውስጥ የመዘግየት ጊዜው ከ16 ሚሊሰከንድ ወደ 1 ይውረድ። ቶሎ መልስ የሚጠብቅ ፕሮቶኮል ላይ አንዳንዴ እየተገናኘ አንዳንዴ የሚቋረጥ መስመር ብዙ ጊዜ መንስኤው እሷው ናት። አሮጌ ሶፍትዌር ከኮም 4 በላይ ያለውን ፖርት ላያሳይ ይችላል፤ ኬብሉ ኮም 11 ሆኖ ከመጣ ቁጥሩን እዚያው ዝርዝር ውስጥ ወደ 2 ወይም 3 መቀየር ነው።

ከዚያ የመስመሩ ልክ። ኦምሮን ሆስት ሊንክ 9600፣ 7 ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲ፣ 2 ስቶፕ ቢት፤ ሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ 9600፣ 7 ቢት፣ ኢቨን፣ 1 ስቶፕ፤ የጂኢው 90-30 በኤስኤንፒ 19200፣ 8 ቢት፣ ኦድ፣ 1 ስቶፕ። ኤስ5 ደግሞ በባለ 15 ፒን ሶኬቱ የሚናገረው በ20 ሚሊአምፒር የጅረት ዑደት ስለሆነ ተራ የአርኤስ-232 ኬብል ቢሰኩበት አይመልስም፤ መቀየሪያ ያለው ኬብል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ሶፍትዌሩ በአዲሱ ዊንዶውስ አልሠራ አለ» የሚለው ከእነዚህ አንዷን ሳያስተካክል ነው።

ይሻገር ባይ፦

ዶሱን ወስደዋል፤ አልከራከርም። ግን የእርስዎ ማህደር ራሱ ያረጃል። የአስተናጋጁ ሶፍትዌር ሲታደስ ኤክስፒ የሃርድዌር ለውጥ አይቶ እንደገና አክቲቬሽን ሊጠይቅ ይችላል። በፍሎፒ የተላለፈ የድሮ ላይሰንስ ከዲስኩ ጋር የታሰረ ስለሆነ ምስሉ ሲገለበጥ ላይከተል ይችላል። ፋይል ማውጣትም ችግር ነው፦ ኤክስፒ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የድሮ ፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ብቻ ሲሆን ዊንዶውስ 10 ከእትም 1709 ጀምሮ ያንን በነባሪ አይጭነውም። ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ኤስኤምቢ 1ን መልሰው ይከፍታሉ፤ በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የገባበትን በር ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስናፕሾቱ (የቨርቹዋል ማሽኑ ሁኔታ ለመመለሻ የሚቀመጥበት ግልባጭ) ነው። አንድ ሰው ማሽኑ ሲበላሽበት ወደ ባለፈው ዓመት ስናፕሾት ይመልሰዋል፤ ፕሮጀክቱ በውስጡ ካለ የዓመቱ ማስተካከያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከፒኤልሲው አፕሎድ ቢያደርጉ (ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተሩ መልሰው ቢያወጡ) ኤስ7-300 ሲምቦልና ኮሜንት አይመልስም፤ ኤስኤልሲ 500ም የሚመልሰው ባዶ አድራሻ ነው። ኤን7፡12 ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ይቆይ ባይ፦

ፕሮጀክቱ ከምስሉ ውጭ ይቀመጥ፤ በዚህ ተስማማን። በአስተናጋጁ የተጋራ ፎልደር ይገባል ይወጣል፤ ኤስኤምቢ አያስፈልግም። ምስሉም በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይገልበጥ፤ ከግልባጮቹ አንዱ በሌላ ላፕቶፕ ላይ በእርግጥ ተከፍቶ ይሞከር። ተከፍቶ ያልታየ ግልባጭ ባክአፕ አይባልም።

እርስዎም የሚሻገሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያው የባትሪ መብራት ይታይ፤ ባትሪው ደክሞ ከሆነ ኃይል ሳይጠፋ ይቀየር፤ ኃይል ከተቋረጠ በራም ያለው ፕሮግራም የለም። ከዚያ በአሮጌው ሶፍትዌር የመጨረሻ አፕሎድ ተወስዶ ከነኮሜንቱ ይቀመጥ። በአዲሱ ኮምፒውተር የሚከፈተው ቅጂው ብቻ ይሁን፤ በአዲስ እትም የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው ላይከፈት ይችላል። ከዚያ ኦንላይን ገብቶ ማወዳደር፤ ልዩነት ካሳየ ዳውንሎድ (ወደ መቆጣጠሪያው መጫን) አይነካም፣ ምክንያቱ ይፈለግ። አሮጌው ላፕቶፕም ቢያንስ አንድ የታቀደ የማሽን ማቆሚያ እስኪያልፍ አይወገድ።

ይሻገር ባይ፦

እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ግማሹ ተሻግሮ ግማሹ ሲቀር የሚበጠሰው ክላሲክ ኦፒሲ፣ ማለትም የፒኤልሲን ዳታ በኮምፒውተሮች መካከል የሚያስተላልፈው የድሮ መንገድ፣ ነው። እሱ የሚሠራው በዲኮም (በዊንዶውስ ፕሮግራሞች የኔትወርክ መነጋገሪያ) ነው፤ ከማርች 2023ቱ የዊንዶውስ ማሻሻያ ወዲህ የዲኮም ጥብቅ ማረጋገጫ ሊጠፋ አይችልም። በታደሰ ሰርቨርና በኤክስፒ ደንበኛ መካከል ያለው መስመር «መግባት ተከልክሏል» ብሎ ይቆማል፤ ዲኮም ኮንፊግ ውስጥ ፈቃዱን ቢያሰፉትም አይከፈትም። እርስዎ ያቆዩት ኤክስፒ እኔ ካደስኩት ሰርቨር ዳታ የሚያነብ ከሆነ «ይቆይ» የሚለው ውሳኔ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ይቆይ ባይ፦

ለዚያ ሰርቨሩንና ደንበኛውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አድርጎ ዲኮሙ ከኔትወርኩ እንዳይወጣ ማድረግ፣ ካልሆነም በሁለቱ መካከል የኦፒሲ መተላለፊያ ሶፍትዌር ማስገባት ነው። ኤክስፒው ግን ዳታ ማንበቢያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ እኔም አላቆየውም። እኔ የተሟገትኩት ኬብል ተሰክቶ ሥራ ሲያልቅ ለሚዘጋው ነው።