ይድረስ ለክቡር አቶ አይመስልም

ቁጥር፦ እር/ላጲ/6ቢ
ቀን፦ ሥዕሉ በወጣ ማግስት

ለክቡር አቶ አይመስልም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አይተውት ስለማያውቁት ሰው መልክ የሰጡትን ውሳኔ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የአክስቴን ፊት በእርሳስ ስዬ ወዳጅ ዘመድ እንዲያየው በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ላይ ካወጣሁት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «አይመስልም» የሚለው ውሳኔዎ ደርሶኛል። ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት እስከ ዛሬ በየትኛውም መስኮት አልገጠመኝም። ሆኖም ውሳኔው ሰላምታ የለውም፣ ምክንያት የለውም። ቀበሌ ቢሆን ቅሬታ ሰሚ አለው፤ ፍርድ ቤት ቢሆን ይግባኝ አለው። እርስዎ የመጀመሪያም የመጨረሻም ችሎት ስለሆኑ አቤቱታዬን ለራስዎ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ለመሆኑ ክቡርነትዎ አክስቴን የት ያውቋታል?

አክስቴ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናት። ከዚያ ብርድ የሚያስወጣት ነገር ቢኖር ለቅሶና ሠርግ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ሊያነሳት የሚቃጣ ሰው ሲመጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ስለምትሸፍን፣ ከመታወቂያዋ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ፎቶ የላትም። ስለዚህ የሳልኳት ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጀበናዋን ልታወርድ በተነሳች ቁጥር «ባክሽ አንዴ አትነቃነቂ» እያልኩ ነው። እርስዎ ደግሞ በገጽዎ ላይ እንደተገለጸው የስቶክሆልም ነዋሪ ነዎት። አባቶቻችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብለው ነበር፤ የማያውቁት ፊት ግን እንዲህ ሊናፍቅ እንደሚችል በእርስዎ አየሁ።

ባለጉዳይዋ ራሷ ምን እንዳለች ላሳውቅዎ። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ማለቱን፣ ከአገጯ ሥር ማርያም የሳመቻትን ምልክት፣ ስትስቅ የሚሰረጉደውን አንድ ጉንጯን በጣቷ እየጠቆመች አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ «ይህን ሁሉ ሽበት ማን አምጣ አለህ?» አለችኝ። እኔ እንዳላመጣሁት፣ በእርሳስ ሥዕል ላይ ሽበት ማለት ያልተነካ ወረቀት ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግዲያው ንካው» አለች።

አስተያየት ማለት ይህ ነው፣ ክቡርነትዎ! ጥፋቱ ተነግሯል፣ ቦታው በጣት ተጠቁሟል፣ መፍትሔውም በአንድ ቃል ታዝዟል። ያውም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሳ ከማታውቅ ሴት።

እርስዎንም እኮ በትሕትና ጠይቄ ነበር። የተነጋገርነው ይጥፋ እንዳይባል እዚህ አሰፍረዋለሁ።

«የቱ ጋ ነው ያልመሰለው?»
«እኔ እንጃ፣ ብቻ አይመስልም።»
«አፍንጫው ይሆን?»
«አፍንጫውስ ደህና ነው።»
«ዓይኑ?»
«ዓይኑማ ቆንጆ ነው።»
«አገጩስ?»
«አገጩ አይታይም።»

አገጩ የማይታየው፣ ጌታዬ፣ ሥዕሉን ስላልከፈቱት ነው። ስልክዎ ከላይ ቆርጦ ያሳየዎትን ግንባርና ግማሽ አፍንጫ ብቻ ተመልክተው በሙሉ ፊት ላይ ፈርደዋል። ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ፣ ኮቱን ከመስቀያው ሳያወርድ «አልሆነኝም» ብሎ የሚወጣ ደንበኛ ካለ ከእርስዎ ጋር ባስተዋውቀው ደስ ይለኛል።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ በዝምታ ባለፍኩት። ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ምስል በከሰል ስዬ ባወጣሁ ጊዜም ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነበሩ። «ቴዎድሮስን አይመስልም» አሉ። እዚህ ላይ በእውነት ተደንቄያለሁ። ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የፊታቸውን ንድፍ ሠርቷል፤ በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች የተዉአቸው ንድፎችና ጽሑፎችም አሉ። ዛሬ በየካኔቴራው፣ በየታክሲው መስታወትና በየግድግዳው የምናየው ባለ ሹሩባ ጀግና ግን ሠዓሊዎች ከትረካ፣ ከንድፍና ከገዛ ልባቸው አዋቅረው የሰጡን ፊት ነው። እኔም ያንኑ ነው የሞከርኩት። እርስዎ ታዲያ ከየትኛው ጋር እያስተያዩ ነው? በሳጥንዎ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ካለ እባክዎ አይደብቁን። የታሪክ ምሁራን በርዎ ላይ ተራ ይይዛሉ፤ እኔም ከሰሌን ይዤ ከኋላቸው እሰለፋለሁ።

ትችት የምጠላ አይምሰልዎ። እንዲያውም የተራብኩት እሱን ነው። ቀን የሒሳብ መዝገብ ስመረምር የምውል፣ ማታ እርሳስ የምቀርጽ ሰው ነኝ፤ አጠገቤ ቆሞ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለኝ አስተማሪ የለኝም። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ የት እንዳለ ልንገርዎና ለሚቀጥለው ውሳኔዎ ይጠቀሙበት። የሰው ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። ጀማሪ ግን ግንባርና ጸጉር ምንም ወሬ ስለሌላቸው ያሳጥራቸውና ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። የፊት ወርድ በግምት አምስት ዓይን ያህል ነው፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ይቀራል። ስለዚህ «ዓይኖቹ ተቀራርበዋል» ቢሉኝ ወዲያው በእርሳሴ ለክቼ አያለሁ። «ጥላው ፈርቷል፤ ከአፍንጫው ሥር በ6ቢ፣ በዚያ ለስላሳና ጥቁር እርሳስ፣ መጥቆር ነበረበት» ቢሉኝ እጅ እነሣለሁ። «ጆሮው የማን ነው?» ቢሉኝ እንኳን ጆሮው ጋ እሄዳለሁ። «አይመስልም» ሲሉኝ ግን ላጲሴን ይዤ የት ልሂድ?

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻዎቹ ሠዓሊ ሥራውን በመስታወት እያየ እንዲመረምር ይመክራል፤ የተገለበጠ ምስል እንደ ሌላ ሰው ሥራ ስለሚታይ ስሕተቱ ቶሎ ይገለጣል። የእኛ ቤት መስታወት ለዚህ አገልግሎት ከግድግዳ ወርዶ ስለሚከርም፣ ባለቤቴ ጸጉሯን የምታበጥረው በስልኳ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በዚህ ሁሉ ምርመራ አልፏል። እርስዎስ በምን ሁኔታ ሆነው ተመለከቱት? መልእክትዎ የገባበትን ሰዓት ስመለከት አልጋ ላይ በጎንዎ ተጋድመው እንደነበር እጠረጥራለሁ። ሳይንሱ ደግሞ በዚህ ረገድ ለእርስዎ አያደላም። በ1980 እ.ኤ.አ. ፒተር ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የማርጋሬት ታቸርን ፎቶግራፍ ወስዶ ዓይኖቿንና አፏን ብቻ ገለበጠና ሙሉውን ፎቶ ዘቅዝቆ ለሰዎች አሳየ። ፎቶው እንደተዘቀዘቀ ሳለ ምንም ጉድ አልታያቸውም፤ ሲቃና ግን የሚያስደነግጥ ፊት ሆነ። የሰው አእምሮ ፊትን በወጉ የሚያነበው ቀጥ ብሎ ሲያየው ነው። እናም ክቡርነትዎ፣ ቢያንስ ከፍራሹ ቀና ይበሉ።

በታሪክ የታወቀ «አይመስልም» ባይ ቢጠሩልኝ ዊንስተን ቸርችልን አስቀድማለሁ። በ1954 እ.ኤ.አ. 80ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ የእንግሊዝ ፓርላማ ግሬሃም ሰዘርላንድ በተባለው ሠዓሊ የተሳለ ምስላቸውን አበረከተላቸው። ሰውየው ሥዕሉን ጠሉት። ደካማ ሽማግሌ አስመስሎኛል ነው ቅሬታቸው። ባለቤታቸው ሥዕሉ እንዲጠፋ አደረጉ፤ ወሬው ይፋ የወጣውም ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ነው። እንግዲህ ቸርችል ቢያንስ የገዛ ፊታቸው ነበር፤ ሲላጩ በየማለዳው ያዩታል። ደግሞም ልብ ብለው ቢያዩት የእሳቸውና የአክስቴ ቅሬታ አንድ ነው። ሁለቱም የተቀየሙት ሥዕሉ እነሱን በመምሰሉ ነው እንጂ ባለመምሰሉ አይደለም። የእርስዎ ቅሬታ ግን በሁለቱም ወገን ዘመድ የለውም።

ዘመድ ስል የእርስዎ ወገኖች ትዝ አሉኝ። «ፎቶ ነው፣ ሥዕል አይደለም» ባዩ የአጎትዎ ልጅ አለ፤ ከእርስዎ ጋር በአንድ ሥዕል ሥር ሲገናኙ ማየት እንዴት ደስ ይላል! አንዳችሁ ምንም አይመስልም ትላላችሁ፣ ሌላችሁ ከመምሰል አልፎ ማጭበርበር ሆኗል ትላላችሁ። «እኔንም ሳለኝ፣ ለወንድምነታችን» የሚለው አማችዎም አለ፤ የሚልከው ፎቶ ጥቁር መነጽር ያጠለቀበትና ግማሽ ፊቱ በጓደኛው ትከሻ የተጋረደበት ነው። «በርታ» ብቻ ብለው የሚያልፉትን አልነካቸውም። እነሱ ምንም አይጠቅሙም፣ ምንም አይጎዱም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የእርስዎ ነገር ነው። አንዲት ተማሪ ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ የእናቷን ፊት በእስክሪብቶ ስላ አወጣች። እንደ እኔ ለመከራከር ወገቧ ያልጠና ልጅ ናት። የእናትየው ዓይን አንዱ ሰፍቶ ነበር፤ ግን የተቋጠረው የሻሽ እጥፋት፣ አቤት ያ እጥፋት! እጥፋት መሳል ስንቱን እንዳስለቀሰ የሞከረው ያውቀዋል። እርስዎ እንደ ልማድዎ ሳይጠሩዎት አቤት፣ ሳይልኩዎት ወዴት ብለው ደረሱና ያቺን ማኅተምዎን መቱባት። ሥዕሉ በማግስቱ አልነበረም። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ የምታወጣው የአበባ ሥዕል ብቻ ነው። አበባ ማንንም መምሰል አይጠበቅበትምና ብልህ ናት። እኔ ግን ያንን ሻሽ እንደገና ማየት እፈልጋለሁ፤ ለዚህም እርስዎን ተጠያቂ አድርጌ ይዤዎታለሁ።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በአሥር ቀን ውስጥ በሁለቱም ሥዕሎች ላይ የቱ ጋ እንዳልመሰለ፣ ግንባር ከሆነ ግንባር፣ ከንፈር ከሆነ ከንፈር ብለው በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እየጠየቅሁ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር እርስዎን ራስዎን ለመሳል የምገደድ መሆኔን ከወዲሁ አስታውቃለሁ። ችግሩ፣ በገጽዎ ላይ በፊትዎ ፋንታ ያስቀመጡት የአንበሳ ፎቶ ነው። አንበሳው እርስዎን ይመስላል አይመስልም ብዬ አልፈርድም፤ አላውቅዎትማ! ስለዚህ የአገራችንን የጥንት ሠዓሊዎች ሕግ ለመከተል ወስኛለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ ይሳላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። በአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ላይ ወገን ሁለት ዓይን ሲኖረው ጣሊያን በአንድ ዓይን ይዋጋል። እርስዎም በዚሁ ወግ በጎን ይሳላሉ። አንዱን ዓይን ካንዱ የማስተካከል ጣጣ ስለሌለበት ለእኔም ሥራው ይቀለኛል። ውሳኔዎ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ እንዳይደክሙ ከሥዕሉ ግርጌ አስቀድሜ አስፍሬልዎታለሁ፤ የሚቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው።

ከሠላምታ ጋር

ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠዓሊ

ግልባጭ፦
ለ«ፎቶ ነው» ባዩ የአጎትዎ ልጅ
ለ«እኔንም ሳለኝ» ባዩ አማችዎ (መነጽሩን አውልቆ ሌላ ፎቶ እንዲልክ)
ለማኅደር